ፍሬን ፔዳል ተይዞ ሲቆይ ቀስ እያለ ወለል ይነካል፤ ዘይት አይቀንስም፣ የሚፈስም አይታይም

ፒክአፕ_ነጂ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ፍሬን የምታውቁ ብታግዙኝ። መኪናው ፒክአፕ ነው። ፊቱ ዲስክ፣ ኋላው ታምቡር፣ ሰርቮም (በሞተሩ ቫኩም ርግጫውን የሚያግዘው) ኤቢኤስም (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው) አለው። ፔዳሉን ስረግጥ መጀመሪያ ደህና ይይዛል፣ ከፍታውም ጥሩ ነው። ግን ቆሜ እግሬን ሳላነሳ ስይዘው ቀስ እያለ ይወርድና ወለሉ ላይ ያርፋል። ለቅቄ ቶሎ ስደግመው ወደ ላይ ይመለሳል፣ ይዤ ስቆይ እንደገና ይሰምጣል። ግራ የገባኝ ነገር አለ፦ አጥብቄ ስረግጥ አይሰምጥም፣ መኪናውም ይቆማል። የሚሰምጠው ለስለስ አድርጌ ስይዘው ነው።

እስካሁን የፊቱን የዲስክ ሸራ ቀይሬያለሁ። ከአራቱም ጎማ አየር ደጋግሜ አስወጥቻለሁ፣ አሁን አረፋ አይወጣም። የፍሬን ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልወረደም። ቱቦዎቹን እስከ ጎማ ድረስ በጨርቅ እየጠረግኩ አየሁ፣ እርጥበት የለም። አንዱ ሰርቮ ነው ይለኛል፣ ሌላው ማስተር ሲሊንደሩን (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋውን) ቀይር ይለኛል፣ ኤቢኤስ ነው ያለኝም አለ። ሦስቱም በግምት የሚገዙ ዕቃዎች አይደሉም። በምን ልለያቸው? ማስተሩ ከሆነስ ጎሚኒውን (የፒስተኑን ላስቲክ) ብቻ መቀየር ይበቃል ወይስ ሙሉውን?

ዳዶ_14፦

ወንድሜ፣ ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ መኪናውን አትንዳው። አሁን አጥብቀህ ስትረግጥ የሚይዘው ነገ ላይይዝ ይችላል።

የፍሬን ዘይት አይታመቅም። ስለዚህ ይዞ የቆመ ፔዳል ወደ ታች ከሄደ ዘይቱ የሆነ ቦታ እየሄደ ነው። የሚሄድበት ቦታ ደግሞ ብዙ አይደለም። ወይ ወደ ውጭ ይፈሳል፣ ወይ ማስተሩ ውስጥ በጎሚኒው ሾልኮ ወደ ቋቱ (ከማስተሩ ላይ ያለው የዘይት መያዣ) ይመለሳል፣ ወይ ኤቢኤሱ ውስጥ ወዳለችው ትንሽ ማጠራቀሚያ ይገባል። ሥራህ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ መለየት ብቻ ነው።

ሰርቮውን ከዝርዝርህ አውጣው። ሰርቮ ሲበላሽ ፔዳሉ ይደነድናል እንጂ አይሰምጥም። ማረጋገጥ ከፈለግክ ሞተሩን አጥፋና ፔዳሉን አምስት ስድስት ጊዜ ረግጠህ ቫኩሙን ጨርሰው። ከዚያ እግርህን ፔዳሉ ላይ እንዳሳረፍክ ሞተሩን አስነሳ። ፔዳሉ በትንሹ ዝቅ ብሎ ከቆመ ሰርቮው ይሠራል፤ ይቺ ትንሽ ዝቅታ ጤናማ ናት፣ ብዙ ሰው ግን እሷን አይቶ «ፔዳሌ ይሰምጣል» ይላል። ሞተር እየሠራ ባለህ ኃይል ሁሉ ስትጫነው ጥቂት መውረዱም ያለ ነው። ያንተ ከዚህ የተለየ ነው፣ ወለል ይነካል።

ሦስት የተለያዩ የፔዳል ችግሮች ደግሞ እንዳይቀላቀሉብህ። ሲረገጥ የሚለሰልስና የሚለጠጥ፣ ደጋግመህ ስትረግጠው የሚጠነክር ፔዳል አየር ይዟል። ለስላሳ ሳይሆን ገና ከመጀመሪያው ዝቅ ብሎ የሚይዝ፣ በሁለተኛው ርግጫ ከፍ የሚል ደግሞ ሸራውና ታምቡሩ ተራርቀዋል ወይም ዲስኩ ሸራውን እየገፋ ያርቀዋል። ይህን በቀላሉ ትለየዋለህ፦ የእጅ ፍሬኑን ጥቂት ጥርስ ሳብና ፔዳሉን ርገጥ። ፔዳሉ ከፍ ካለ የኋላው ሸራ ማስተካከል ይፈልጋል። ተይዞ ሳለ የሚወርድ ፔዳል ግን ከሁለቱም የተለየ ነው፤ እሱ መሹለክ ነው። አየር ደጋግመህ ብታስወጣም ለውጥ ያላየኸው ለዚህ ነው።

አሁን ፈትን። ሞተሩ ይጥፋ፣ ቫኩሙ ይለቅ። ፔዳሉን በጣም ለስለስ አድርገህ፣ በእግር ጣት ብቻ፣ አንድ ደቂቃ ያህል ያዘው። ቀጥሎ አጥብቀህ ያው ያህል ያዘው። ለስለስ ሲል ሰምጦ ሲጠብቅ የሚቆም ከሆነ ጥርጣሬዬ በሙሉ ማስተሩ ላይ ነው። የማስተር ጎሚኒ ከንፈር አለው። ከንፈሩ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር የሚጣበቀው በዋናነት በራሱ በዘይቱ ግፊት ነው፤ ግፊቱ ሲጨምር እንደ ጃንጥላ እየተዘረጋ አጥብቆ ይይዛል። ከንፈሩ ሲያልቅ ወይም ሲደርቅ አነስተኛ ግፊት አይዘረጋውም፣ ዘይቱ በጎኑ ሾልኮ ያልፋል። ኃይለኛ ግፊት ግን አሁንም ስለሚገፋው ይይዛል። ወደ ውጭ የሚፈስ ቱቦ እንዲህ አያደርግም፤ እሱ በጠነከረ ቁጥር ይብሳል። አጥብቀህ ስትረግጥ ያለመስመጡ ግራ ሊያጋባህ አይገባም፣ ትልቁ ፍንጭ እሱ ነው።

ሁለተኛው ፈተና ዓይን ነው። የቋቱን ክዳን ክፈት፣ መነጽር አድርግ፣ አንድ ሰው ፔዳሉን ለስለስ አድርጎ ይያዝልህ። መጀመሪያ ሲረግጥ ከታች ፊጭ የሚል ትንሽ ዘይት ታያለህ፤ እሱ ጤናማ ነው፣ ፒስተኑ ቀዳዳውን ከመዝጋቱ በፊት የሚወጣ ነው። ከዚያ በኋላ፣ ፔዳሉ እየሰመጠ ሳለ፣ ከታች የሚፈላ የሚመስል እንቅስቃሴ ካየህ ወይም የዘይቱ ከፍታ ቀስ እያለ ከጨመረ ዘይቱ በማስተሩ ውስጥ እየተመለሰ ነው። ቋቱ በመሐል የተከፈለ ከሆነ የትኛው በኩል እንደሚነሳ ልብ በል።

ሦስተኛው ጥርጣሬን የሚቆርጠው ነው፤ ዕቃ ከመግዛትህ በፊት ይህን ሳትሠራ አትለፍ። ከማስተሩ የሚወጡትን ቱቦዎች ፍታና ቀዳዳዎቹን በልክ በተሠራ የፍሬን መድፈኛ ዝጋቸው። በብዙ መኪና ላይ ጥርሱ ኤም 10 በ1 ነው፣ አንተ ግን ከራሱ ዳዶ ጋር አመሳክር። ያገኘኸውን ተራ ብሎን አታስገባ፤ የቱቦው መቀመጫ ላይ ጭረት ከተወ ቱቦው ሲመለስ አይገጥምም። ስትፈታ ደግሞ የዳዶውን ስድስቱንም ጎን የሚይዘውን የቱቦ ቁልፍ ተጠቀም፤ ክፍት ቁልፍ እነዚህን ዳዶዎች ይበላቸዋል። መድፈኛዎቹን ካስገባህ በኋላ ከሥራቸው አየር ይቀራል። ረዳትህ ፔዳሉን ቀስ አድርጎ ሲጫን መድፈኛውን ግማሽ ዙር ላላ አድርግ፣ ዘይት ሲወጣ ዝጋ፣ ከዚያ ይልቀቅ። አረፋ እስኪጠፋ ድገሙት።

አሁን ፔዳሉ ከላይ በጣም አጭር ሄዶ ደንድኖ መቆም አለበት። ለስለስ ስታደርገው ከሰመጠ ማስተሩ ነው፣ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ደንድኖ ከቀረ ማስተሩ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ከእሱ በታች ነው። በዚህ ጊዜ ቱቦዎቹን መልሰህ አስረህ፣ ያስገባኸውን አየር አስወጥተህ፣ ተጣጣፊዎቹን የጎማ ቱቦዎች አፉ ክብ በሆነ የቱቦ መቆንጠጫ ያዛቸው። ፒክአፕ ስለሆነ ፊት ሁለት፣ ኋላ አብዛኛውን ጊዜ አክስሉ ላይ የሚወርድ አንድ ነው። ሁሉም ተይዘው ፔዳሉ ከቆመ አንዱን እያላላህ የትኛው ሲለቀቅ እንደሚሰምጥ እይ። ሁሉም ተይዘው እያለ ከሰመጠ ኤቢኤሱ ወይም መሐል ያለ የብረት ቱቦ ነው። የተሰነጣጠቀ ወይም በብረት ሽቦ የተጠለፈ ቱቦ ግን አትቆንጥጥ።

ታምቡር፦

ዳዶ_14 ባለው እስማማለሁ፣ አንድ ነገር ግን ልጨምር። «ዘይቱ አልቀነሰም» የሚለው ላይ ብዙ አትተማመን። አዲስ የዲስክ ሸራ ስታስገባ የካሊፐሩን (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነውን) ፒስተን ወደ ውስጥ ገፍተሃል። በዚያ ጊዜ የተመለሰው ዘይት ቋቱን ከፍ ያደርገዋል። አየር ስታስወጣም ደጋግመህ ሞልተሃል። ስለዚህ ትንሽ መፍሰስ ቢኖርም ለጊዜው ሊደበቅ ይችላል። በቀጭን ቴፕ የአሁኑን ከፍታ ምልክት አድርግና ተከታተል።

የሚደበቁ ፍሳሾችም አሉ። አንደኛው የኋላው የጎማ ሲሊንደር ነው። ታምቡሩን አውጣ፣ የሲሊንደሩን የአቧራ ላስቲክ ጠርዝ በካቻቢቴ ጫፍ ቀስ አድርገህ ገልጠህ እይ። ትንሽ ወዝ ሊኖር ይችላል፤ ከላስቲኩ ሥር ዘይት ከተጠራቀመ ግን ሲሊንደሩ ይቀየራል። ዘይት የነካው ሸራ ተጠርጎ አይድንም፣ በሁለቱም ጎማ ያለውን ሸራ ቀይር፤ የአንድ ወገን ብቻ ከቀየርክ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይጎትታል።

ሁለተኛው ይበልጥ ተንኮለኛ ነው። የማስተሩ የኋላ ጎሚኒ ሲያረጅ ዘይቱ ወደ ሰርቮው ሆድ ይገባል፤ ከውጭ ምንም ጠብታ አታይም። ማስተሩን ከሰርቮው የሚይዙትን ሁለት ዳዶዎች ፍታና ቱቦዎቹን ሳትነቅል ወደ ፊት ጥቂት ሳበው። የማስተሩ ጀርባ ወይም የሰርቮው አፍ ረጥቦ ካገኘኸው መልሱ እሱ ነው። ብዙ ዘይት ከተጠራቀመ በቫኩም ቱቦው በኩል ወደ ሞተሩ ተስቦ ነጭ ጭስ ሊያወጣ ይችላል፤ የሰርቮውንም ላስቲክ ያበላሸዋል።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ፦ አየር ስታስወጣ ረዳትህ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ድረስ ነበር የሚረግጠው? ያረጀ ማስተር ላይ ይህ ጎሚኒ ይጨርሳል። በየቀኑ ሲነዳ ፒስተኑ የሚመላለሰው በሲሊንደሩ አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ ያ ክፍል ለስላሳ ሆኖ ይኖራል። ከዚያ ወዲያ ያለው ግን ለዓመታት ውሃ በቀላቀለ ዘይት ተቀምጦ ዝገትና ዝቃጭ ይይዛል። አየር ሲወጣ ፔዳሉ ወለል ሲነካ የጎሚኒው ከንፈር በዚያ ሻካራ ቦታ ላይ ይሄዳል፣ ይቀደዳል። ሸራ ተቀይሮ አየር በወጣ ማግስት ማስተሩ «ድንገት» የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው። መከላከያው ቀላል ነው፦ ከፔዳሉ ሥር እንጨት አድርግ፣ ግማሽ መንገዱን ብቻ እንዲሄድ።

ፒክአፕ_ነጂ፦

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያላችሁኝን ሁሉ ሠራሁ። ሞተር ጠፍቶ ለስለስ ሲል ይሰምጣል፣ ሲጠብቅ ይቆማል። ክዳኑ ተከፍቶ ሲታይ ፔዳሉ በሚወርድበት ጊዜ በፊተኛው ክፍል ዘይቱ ከታች እየተገለበጠ ይነሳል። መድፈኛ አስገብቼ አየሩን ካስወጣሁ በኋላም ለስለስ ሲል ሰመጠ። የማስተሩ ጀርባ ደረቅ ነው፣ ሲሊንደሮቹም ደህና ናቸው። አዎ፣ አየር ስናስወጣ ወለል ድረስ ነበር የሚረገጠው። ቋቱ ሥር ጥቁር ዝቃጭ አለ፤ ጣቴ ላይ ስፈትገው እንደ ጥላሸት ያቀልማል።

እንግዲህ ማስተሩ መሆኑ ታወቀ። ጎሚኒው ብቻ ይበቃል?

ሞርሳ፦

ጥቁሩ ዝቃጭ የተፈተገ ላስቲክ ነው። ነገር ግን ከመፍታትህ በፊት ጎሚኒው በዕድሜ አልቆ ነው ወይስ የተሳሳተ ዘይት ገብቶበት ነው የሚለውን አጣራ። መልሱ የሚቀየረውን ዕቃ ብዛት ይለውጠዋል። ንጹህ ውሃ በብርጭቆ አድርግና ከቋቱ ጥቂት ጠብታ ጣልበት። ትክክለኛው የፍሬን ዘይት ከውሃው ጋር ይዋሃዳል። ላይ ላዩን የሚንሳፈፍ ካየህ የሞተር፣ የማርሽ ወይም የመሪ ዘይት ተቀላቅሏል። የቋቱ ክዳን ላስቲክ አብጦ አልመለስ ማለቱም የዚሁ ምልክት ነው። የማዕድን ዘይት የፍሬን ላስቲክን ያሳብጠዋል፣ ያሟሟዋል። እንዲህ ከሆነ ማስተሩን ብቻ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው፤ አዲሱም በአጭር ጊዜ ያብጣል። ዘይቱ የደረሰበት ላስቲክ ሁሉ፣ ማለትም የካሊፐር ጎሚኒ፣ የኋላ ሲሊንደሮች፣ ተጣጣፊ ቱቦዎች፣ ይቀየራል፤ የብረት ቱቦዎቹም ታጥበው ይነፋሉ። ኤቢኤሱ ውስጥም ላስቲክ አለ፣ እሱንም ይጨምራል።

ውሃው ንጹህ ሆኖ ከተዋሃደ በማስተሩ ብቻ ትጨርሳለህ።

ጎሚኒ ወይስ ሙሉ ማስተር? የሚወስነው የሲሊንደሩ ግድግዳ ነው። ፒስተኖቹን አውጥተህ ግድግዳውን በፍሬን ዘይት በነከረ ንጹህ ጨርቅ ጥረግና በባትሪ መብራት እይ። ጥፍር የሚይዝ ጭረት፣ የዝገት ነጥብ ወይም ቀለሙ የተላጠ መስመር ካለ አዲስ ጎሚኒ እዚያው ላይ እንደገና ይቀደዳል፣ ሙሉውን ቀይር። ጥቂት ጭረት በአሸዋ ወረቀት ይጠፋል የሚሉህን በአሉሚኒየም ማስተር ላይ አትስማ። የአሉሚኒየሙ ግድግዳ በስስ የተጠናከረ ንብርብር ተሸፍኗል፤ እሱ ከተነሳ ብረቱ ለስላሳ ነው፣ ቶሎ ይበላል። ሌላም አለ፦ ኤቢኤስ ባላቸው አንዳንድ መኪኖች ማስተሩ ዘይቱን ወደ ቋቱ በምትመልሰው ትንሽ ቀዳዳ ፋንታ ፒስተኑ መሐል ያለ ቫልቭ ይጠቀማል። ያ ቫልቭ ላይ ቆሻሻ ቢቀመጥ ጎሚኒው ምንም ሳይሆን ፔዳሉ ይሰምጣል፤ ተራ የጎሚኒ ስብስብ ደግሞ ቫልቩን ላያካትት ይችላል። አንተ ዘንድ ወለል ድረስ ከተረገጠ በኋላ የመጣ ስለሆነ፣ ዝቃጭም ስላለ፣ እኔ ብሆን ሙሉውን ነው የምቀይረው። ስትገዛ የውስጥ ስፋቱ (ብዙ ጊዜ ከጎኑ ተቀርጿል) ከአሮጌው ጋር አንድ መሆኑን እይ። ሰፊ ከገዛህ ፔዳሉ ይከብዳል፣ ጠባብ ከገዛህ ረጅም ይሄዳል።

አዲሱን ደረቁን መኪናው ላይ አትሰር። ሞርሳ ላይ በጆሮው ያዘው፣ ሆዱን አትጭመቀው፣ ዘንበል ሳይል ይቀመጥ። ከመውጫዎቹ ሁለት ቀጭን ቱቦ አውጥተህ ጫፋቸውን ቋቱ ውስጥ፣ ከዘይቱ ሥር አጥልቃቸው። አዲስ ዘይት ሙላና ፒስተኑን ጫፉ ድቡልቡል በሆነ ዘንግ ቀስ እያልክ ግፋ፣ ቀስ እያልክ ልቀቅ። በየመሐሉ ጥቂት ቆም በል፤ አየሩ ለመነሳት ጊዜ ይፈልጋል። ከቱቦዎቹ አረፋ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ቀጥል። ማስተሩ ውስጥ የቀረ አየር በጎማ በኩል ለማውጣት በጣም ያስቸግራል። ብዙ ሰው «አዲስ ማስተር ገዝቼም ፔዳሉ ለሰለሰ» የሚለው ይህን ደረጃ ዘልሎ ነው።

ስትገጥም የሰርቮውን ዘንግ ርዝመት ከአሮጌው ማስተር ጋር አመሳክር። ዘንጉ ቢያጥር ፔዳሉ ብዙ ባዶ ይሄዳል። ቢረዝም ደግሞ የከፋ ነው፤ ፒስተኑን ሁልጊዜ ገፍቶ ይይዘዋል፣ የመመለሻው ቀዳዳ አይከፈትም፣ ዘይቱ ሲሞቅ ሲሰፋ መመለሻ አጥቶ ፍሬኑ በራሱ ይይዛል። ክፍተቱ በመኪናው ማንዋል የተሰጠ ነው፣ ከአንድ ሚሊሜትር በታች የሆነ ትንሽ ነገር ነው። ቱቦዎቹን መጀመሪያ ሁሉንም በእጅህ ጀምራቸው፣ ከዚያ ማስተሩን አጥብቅ። ማስተሩን ቀድመህ ካጠበቅከው ቱቦዎቹ ከጥርሳቸው ጋር ተጣምመው ይገባሉ።

ከዚያ አየር ታስወጣለህ። አዲስ፣ ያልተከፈተ ዘይት አንድ ሊትር ያዝ። ዓይነቱ በክዳኑ ላይ የተጻፈው ነው፤ ዶት የፍሬን ዘይት ደረጃ መጠሪያ ነው፤ ዶት 5 የሚባለው ሲሊኮን ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም፣ ለኤቢኤስም አይሆንም፣ ከዶት 5.1 ጋር እንዳታምታታው። ብዙ ጊዜ ከማስተሩ ሩቅ ከሆነው የኋላ ጎማ ተጀምሮ ወደ ቅርቡ ይመጣል፣ ነገር ግን ማንዋሉ ሌላ ቅደም ተከተል ከሰጠ እሱን ተከተል። ብሎኑ ላይ የሚያሳይ ቱቦ አድርገህ ጫፉን ዘይት ባለው ጠርሙስ ውስጥ አጥልቅ። ረዳትህ ሲጫን ክፈት፣ ፔዳሉ እንጨቱን ሳይነካ ዝጋ፣ ከዚያ ይልቀቅ። ቋቱ ግማሽ ሳይደርስ ሙላ፤ አንዴ ከደረቀ ከመጀመሪያው ትጀምራለህ። ብሎኑን ከ8 እስከ 10 ኒውተን ሜትር አካባቢ ብቻ አጥብቀው፣ ውስጡ ባዶ ስለሆነ በቀላሉ ይቆረጣል።

ፒክአፕ ላይ የሚረሳ ነገር አለ። ከኋላ አክስሉ በላይ የጭነቱን ክብደት አይቶ ወደ ኋላ የሚሄደውን ግፊት የሚመጥን ቫልቭ አለ፣ ከአክስሉ ጋር በዘንግ የተያያዘ። ሻሲውን በክሪክ አንስተህ አክስሉ ሲንጠለጠል ቫልቩ «መኪናው ባዶ ነው» ብሎ ግፊቱን ይቀንሳል፣ አየሩም በደንብ አይወጣም። ካቫሌቶውን (መደገፊያ እግሩን) ከአክስሉ ሥር አድርግ፣ ሞላው እንደተጫነ ይቆይ። አንዳንዱ ቫልቭ የራሱ የአየር ማስወጫ ብሎን አለው፣ እሱንም አትርሳው።

የፈሰሰ ዘይት ቀለም ይልጣል። አትፈትገው፣ ብዙ ውሃ አፍስስበት።

ቁልቁለት፦

ጥያቄውን ልጠቀምበት። የኔ መኪና ቆሜ ስፈትነው ፔዳሉ አይሰምጥም፣ ለስለስም ሲል ሲጠብቅም ይቆማል። ረጅም ቁልቁለት ስጨርስ ግን በድንገት እስከ ወለል ይገባል። ጥቂት ቆይቶ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ይህም ማስተር ነው?

ዳዶ_14፦

አይደለም፣ ዘይትህ እየፈላ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ውሃ በጨመረ ቁጥር የመፍያ ሙቀቱ ይወርዳል። ዶት 3 አዲስ ሲሆን ቢያንስ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይችላል፣ ውሃ ሲይዝ (መለኪያው 3.7 በመቶ ነው) እስከ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155፣ ዶት 5.1 ከ260 ወደ 180። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሳይለቀቅ ሲቆይ ሙቀቱ በሸራው በኩል ካሊፐሩ ይደርሳል፣ ዘይቱ እዚያ ይተናል። እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል፣ ፔዳሉ እሱን እየጨመቀ ወለል ይገባል። ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ወደ ፈሳሽ ስለሚመለስ ምንም ያልሆነ ይመስላል፤ አደገኛነቱም እዚህ ላይ ነው፣ ቆሞ ሲፈተን አይገኝም።

ዘይቱን በሙሉ ቀይረው፣ ከአራቱም ጎማ አዲሱ ጠርቶ እስኪወጣ። ካሊፐሩ ሸራውን ሳይለቅ የሚጎትት እንዳይሆን ጎማዎቹን አንስተህ አሽከርክር፤ የሚይዝ ካሊፐር ጥሩ ዘይትም ያፈላል። ስትወርድ ሞተሩ እንዲይዝልህ ማርሽ ቀንስ፣ ቁልቁለቱ ላይ ሳይሆን ገና ስትጀምር። በመንገድ ላይ ከገባብህ ፔዳሉን በፍጥነት ደጋግመህ ርገጥ፣ ማርሽ እያወረድክ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ ሳብ፤ ባንዴ ከሳብከው ኋላው ይከዳሃል።

ሴንሰር፦

የጠያቂው ጉዳይ ማስተር ሆኖ ተገኘ፣ ግን መድፈኛው ይዞ፣ ቱቦዎቹ ሁሉ ተቆንጥጠው ፔዳሉ የሚሰምጥበት ሰው ይህን ገጽ ሊያገኘው ስለሚችል ስለ ኤቢኤሱ ልበል። ኤቢኤሱ ሆድ ውስጥ ለእያንዳንዱ ጎማ ግፊት የሚለቅ ቫልቭ አለ፣ በተለመደው ፍሬን ላይ ዝግ ነው። ቆሻሻ ወይም የላስቲክ ፍርፋሪ መቀመጫው ላይ ከተያዘ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ዘይቱ ወደ ትንሿ ማጠራቀሚያ ይገባል፣ ፔዳሉም ይወርዳል። ከማስተር የሚለየው ምልክት፦ ፔዳሉ ሲወርድ ቋቱ ውስጥ ዘይት ሲገለበጥ አይታይም። የኤቢኤስ መብራት ላይበራ ይችላል፣ ኮምፒውተሩ የኤሌክትሪኩን ጤንነት እንጂ የቫልቩን መቀመጫ አያይምና። በምርመራ መሣሪያ ፓምፑንና ቫልቮቹን እያሠራህ አዲስ ዘይት አሳልፍበት፤ አንዳንዴ ቆሻሻው ይታጠባል። ካልታጠበ ክፍሉ ይቀየራል። ኤቢኤሱ እንዲሠራ ብሎ በሚሰምጥ ፍሬን መንገድ ላይ ወጥቶ ድንገት መርገጥ ግን ፈጽሞ አይደረግም።

ለፒክአፕ_ነጂም ይህ ይመለከትሃል። ያ ጥቁር ዝቃጭ ወደ ኤቢኤሱ እንዳይሄድ፣ ማስተሩን ከመፍታትህ በፊት ከቋቱ ያለውን ዘይት በመርፌ ሳብ፣ ቋቱንም ነቅለህ እጠበው። በቤንዚን ወይም በናፍጣ አይታጠብም፤ አልኮል ወይም አዲስ የፍሬን ዘይት ነው።

ፒክአፕ_ነጂ፦

የውሃውን ፈተና ሠራሁ፣ ተዋህዷል፣ የሚንሳፈፍ የለም። አሮጌውን ማስተር ፈታሁት፤ የፊተኛው ፒስተን ጎሚኒ ከንፈሩ አንድ ጎን ላይ ተበጥሷል፣ ከሲሊንደሩ ጫፍ በኩል ጥፍር የሚይዝ የዝገት ቀለበት አለ። ስለዚህ ሙሉውን አዲስ አስገባሁ፣ ሞርሳ ላይ አየሩን አስወጥቼ። አሁን ለስለስ ሲልም ሲጠብቅም አንድ ደቂቃ ሙሉ ከቦታው አይነቃነቅም። መንገድ ከመውጣቴ በፊት የሚቀር ነገር አለ?

ሞርሳ፦

አለ። ሞተሩ እየሠራ ያንኑ ፈተና ድገመው፣ አሁን ግፊቱ ይበልጣል። ከዚያ አራቱንም ጎማ አንስተህ ፔዳሉን ርገጥና ልቀቅ፤ እያንዳንዱ ጎማ ወዲያው በነጻ መሽከርከር አለበት። አንዱ ቢይዝ የዘንጉን ርዝመት እንደገና እይ። ግቢ ውስጥ በዝግታ ጀምርና ደጋግመህ አቁም፣ የእጅ ፍሬኑም ይሥራ። ከአጭር ጉዞ በኋላ የአራቱን ጎማ ሙቀት በእጅህ አስጠግተህ አነጻጽር፤ የግራና የቀኙ መቀራረብ አለበት። ማታ ካቆምከው በኋላ ጠዋት ከማስተሩ ዳዶዎች ሥር ነጭ ወረቀት አስነካ፣ የቴፑንም ምልክት እይ። ወረቀቱ ከረጠበ ዳዶውን ከማጥበቅህ በፊት ላላ አድርገህ መልሰህ አስቀምጠው፤ መቀመጫው ብዙ ጊዜ በዚያ ይይዛል።